መልእክቱን አዳራሹ ከእሷ ቀድሞ አነበበው፦ በስላይድ ገለጻ መሃል ብቅ የሚሉ ማሳወቂያዎችን ስለማስቆም የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ይህን የምጽፈው በባለጉዳይዋ ሙሉ ፈቃድ ነው። ስሟን፣ የመሥሪያ ቤቷንና የአዳራሹን ስም ትቻለሁ። «ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ጻፈው» ያለችኝ ራሷ ናት። እኔም ብዙ ሰው «ኖቲፊኬሽን አጥፋ» ተብሎ ብቻ እንደሚታለፍና ነገሩ ግን በአንድ ጠቅታ እንደማያልቅ ያየሁት በዚህ ጉዳይ ነው።

ዳራ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ባለጉዳይዋ የጤና ባለሙያ ናት፤ ለረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ነበረች። በየሦስት ወሩ የቡድኗን ሥራ ለባልደረቦቿና ከየወረዳው ለሚመጡ ኃላፊዎች ታቀርባለች። አዳራሹ የኪራይ ነው፤ ስልሳ ሰው ገደማ ይይዛል። ፕሮጀክተሩን የሚያስተካክሉ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

ላፕቶፑ የግሏ ነው። ዊንዶውስ 10 ሆም ተጭኖበታል። ቤትም ቢሮም ይዛው ትዞራለች፤ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ የሚባል ነገር የላትም። ስለዚህ አንዱ ማሽን ላይ የሥራ ሪፖርቱም፣ የልጆቿ ፎቶም፣ የባንክ ወረቀቱም፣ ቴሌግራሙም አለ። ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ የቡድኑ ግሩፕ፣ የዕድሩ ግሩፕ፣ የወላጆች ግሩፕና የቤተሰብ ግሩፕ አለ። በኛ አገር ይህ የብዙ ሰው ላፕቶፕ ነው። «ለሥራና ለግል የተለያየ ኮምፒውተር ይኑራችሁ» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም እዚህ ለብዙዎቻችን የማይሆን ነው። መፍትሔው በዚሁ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ መገኘት ነበረበት።

የተፈጠረው ችግር

ሳምንቱ ከጥምቀት በፊት ያለው ነበር። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል፤ ስብሰባውም ከበዓሉ በፊት እንዲያልቅ ተቻኩሎ ነው የተጠራው። ዘጠነኛው ስላይድ ላይ ደርሳለች። ስላይዱ የወረዳዎች የክትባት ሠንጠረዥ ነው። ፊቷን ወደ ሰው አዙራ እያስረዳች ሳለ ከታች በቀኝ በኩል፣ ልክ የመጨረሻው ወረዳ ቁጥር ላይ፣ ነጭ ሳጥን ወጣ። ከእህቷ የተላከ የቴሌግራም መልእክት ነው። «የእማዬ ውጤት መጣ። ጥሩ አይደለም። ቶሎ ደውይ።»

እሷ አላየችውም። ላፕቶፗን ስታይ የሚታያት የዴስክቶፑ ባዶ ሥዕል ብቻ ነበር። ሰዉ ዝም አለ። መጀመሪያ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሴት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያኔ ነው ዞራ ያነበበችው። ሳጥኑ ቶሎ አልጠፋም። ጋሼ ኬብሉን እስኪነቅሉት ድረስ እዚያው ነበር።

ገለጻውን አልጨረሰችም፤ ማን ይጨርሳል። ሰዉም በአበሻ ወግ ተከትሏት ወጥቶ አይዞሽ አላት። እሷን ግን ከሁሉ በላይ ያመማት ስለ እናቷ የሰማችው ከስልሳ ሰው በኋላ መሆኑ ነው። «እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሰው ለብቻው ነው መስማት ያለበት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ይህ ጉዳይ ለኔ የሴቲንግ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አልቻለም።

የቀረው ገለጻ ከአሥር ቀን በኋላ በዚያው አዳራሽ ተቀጠረ። በማግሥቱ ላፕቶፑን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ ዳግመኛ ምንም ነገር እንዳይወጣብኝ» አለች።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ፎከስ አሲስት

እንደማንኛውም ሰው የጀመርኩት ከፎከስ አሲስት ነው። ይህ በዊንዶውስ 10 ላይ በ2018 የሚያዝያ ማሻሻያ የመጣ ማሳወቂያ ማፈኛ ነው፤ ከዚያ በፊት ኳይት አወርስ ይባል ነበር። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፎከስ አሲስት ብላችሁ ስትገቡ ሦስት ምርጫ አለ። ኦፍ፣ ፕራዮሪቲ ኦንሊ እና አላርምስ ኦንሊ። ከሥራቸው ደግሞ በራሳቸው የሚበሩ ደንቦች ተዘርዝረዋል። አንዱ ስክሪኑን በዱፕሊኬት፣ ማለትም ላፕቶፑ ላይ ያለው ያው ግድግዳው ላይም እንዲታይ አድርጋችሁ፣ ወደ ፕሮጀክተር ስታወጡ የሚበራ ነው። ሌላው አንድ ፕሮግራም ፉል ስክሪን ሲሆን የሚበራ ነው።

ሁለቱንም አበራሁ። ሱቄ ውስጥ ያለ አሮጌ ሞኒተር ላይ ሰካሁት፤ ስላይዱን ከፈትኩ፤ ከስልኬ ቴሌግራም ላኩላት።

ሳጥኑ ወጣ።

ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ ሳጥኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። የዊንዶውስ ሳጥን አልነበረም። የዊንዶውሱ ጠቆር ያለ ነው፤ የማሽኑ ቴም (የመስኮቶቹ ቀለም) ጥቁር ስለሆነ። ይሄኛው ግን ነጭ ነው፤ ማውሱን ስታስጠጉበት መልስ መጻፊያ ቁልፍ ያወጣል። ይህ ቴሌግራም ራሱ የሚስለው ሳጥን ነው። ፎከስ አሲስት የሚያፍነው በዊንዶውስ በኩል የሚያልፈውን ማሳወቂያ ነው፤ ፕሮግራሙ የራሱን መስኮት ከፍቶ ስክሪኑ ጥግ ላይ ካስቀመጠ ዊንዶውስ እንደ ማንኛውም መስኮት ነው የሚያየው።

ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስ የሚለውን ከፍታችሁ ወረድ ስትሉ የዊንዶውስን ማሳወቂያ ተጠቀም የሚል ማብሪያ አለ። በእሷ ላይ ጠፍቶ ነበር። አበራሁት። እንደገና ላኩ። ጸጥ አለ። አምስት ጊዜ ላኩ፤ አሁንም ጸጥ።

እዚያው ላይ መልእክቱ ቢወጣ እንኳ ጽሑፉን እንዳያሳይ ሜሴጅ ፕሪቪው የሚለውንም አጠፋን። ይህን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። ስም ብቻ ከወጣ «እህትሽ ጽፋለች» ይባላል እንጂ የቤት ጉዳይ አደባባይ አይወጣም።

ደስ ብሎን ተለያየን። ተሳስተን ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ፦ አዳራሹ ውስጥ መሞከር

ከገለጻው አምስት ቀን ቀደም ብለን ጋሼን አስፈቅደን አዳራሹ ውስጥ ሞከርን። ይህን ሙከራ ያስደረገን የእሷ ስጋት ነው፤ እኔ አልቋል ብዬ ነበር። ልክ እሷ ነበረች።

መጀመሪያ ያየነው ነገር ያን ዕለት ለምን ላፕቶፗ ላይ ባዶ ሥዕል እንደነበረና መልእክቱ ግን ግድግዳው ላይ እንደወጣ ገለጠልን። ጋሼ ኬብሉን እንደሰኩ የዊንዶውስ ቁልፍንና የP ፊደልን አብረው ተጭነው ኤክስቴንድ መረጡ፤ ፕሮጀክተሩ እንደ ሁለተኛ ስክሪን የራሱን ነገር የሚያሳይበት ነው። ከዚያ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብተው ፕሮጀክተሩን መርጠው ሜይን ዲስፕሌይ (ዋና ስክሪን) አድርገው የሚለውን ሳጥን ነካ አደረጉት። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

«ጋሼ፣ ይሄን ለምን ያደርጉታል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰዉ ቪዲዮ ሲከፍት ላፕቶፑ ላይ ይከፈትበታል። እየጎተተ ወደ ግድግዳው ማምጣት አይችልበትም። እንዲህ ሳደርገው ሁሉም ነገር ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ማንም አይቸገርም።»

ትክክል ናቸው። ለቪዲዮው ትክክል ናቸው። ችግሩ «ሁሉም ነገር» ሲሉ ማሳወቂያውም ጭምር መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ማሳወቂያውን የሚያወጣው ሜይን በተባለው ስክሪን ላይ ነው፤ ቴሌግራም ራሱ የሳለው ሳጥንም ያን ዕለት የወጣው እዚያው ነው። ሜይኑ ላፕቶፑ ቢሆን ኖሮ ያ መልእክት ምናልባት እሷ ፊት ይወጣ ነበር፤ ስልሳው ሰው ስላይዱን ብቻ ያይ ነበር። እኔ ሱቅ ውስጥ ስሞክር ይህን ማየት አልችልም ነበር፤ ዊንዶውስ የስክሪኖቹን አሰላለፍ የሚያስታውሰው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክተርና ሞኒተር ለየብቻው ነው። የኔ ሞኒተር ላይ የተስተካከለው አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሆኖ ጠበቀን።

ከዚህ ጋር የዱፕሊኬቱ ደንብ ለምን ዋጋ እንዳልነበረው ገባኝ። ስሙ እንደሚለው የሚሠራው በዱፕሊኬት ብቻ ነው። ኤክስቴንድ ላይ ደንቡ አይነሳም። በፕረዘንተር ቪው፣ ማለትም ሰዉ ስላይዱን ብቻ ሲያይ እሱ ላፕቶፑ ላይ ማስታወሻውን እያየ፣ ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኤክስቴንድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብዙ ልምድ ያለው አቅራቢ ነው ከዚህ ደንብ ውጪ የሚሆነው።

የፉል ስክሪኑ ደንብ ሠራ፤ ግን ስላይዱ ፉል ስክሪን ላይ እስካለ ድረስ ብቻ። እሷ በመሃል ስላይዱን ትታ ኤክሴል ከፍታ አንድ ቁጥር ማሳየት ትወዳለች። ኤክሴሉ እንደተከፈተ የላክሁት መልእክት ብቅ አለ። ስላይዱ ሲያልቅም እንዲሁ፤ ሰው ጥያቄ የሚጠይቅበት ሰዓት ላይ፣ ኬብሉ እንደተሰካ፣ «ፎከስ አሲስት በርቶ ሳለ ያመለጡህ» የሚል ማጠቃለያ መጣ። ማጠቃለያው ራሱ ማጥፊያ አለው፤ እዚያው ፎከስ አሲስት ገጽ ላይ ከታች ነው።

ሦስተኛው ነገር አንቲቫይረሱ ነው። የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ ክፈሉ የሚል ትልቅ ሳጥን በመሃል ደቀነ። ይህም እንደ ቴሌግራሙ የራሱ መስኮት ነው፤ ፎከስ አሲስት አያውቀውም። የአንቲቫይረሱን ሴቲንግ ከፍቼ የማስታወቂያ መልእክቶቹን አጠፋሁ። የቫይረስ ማስጠንቀቂያውን ግን ሆን ብዬ አልነካሁትም። እዚህ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ስንት ፍላሽ እጅ ለእጅ እንደሚዞር የሚያውቅ ይረዳኛል።

እሺ፣ ደንቡን ትተን ፎከስ አሲስትን በእጅ አላርምስ ኦንሊ ላይ እናድርገው አልን። ከቀኝ በታች ያለውን የማሳወቂያ ምልክት በቀኝ ተጭኖ መምረጥ ነው፤ ሦስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። በእጅ ሲበራ ስላይድ ላይ ሁኑ ኤክሴል ላይ፣ እስክታጠፉት ድረስ ይቆያል። ፕራዮሪቲ ኦንሊ ያልመረጥነው የስልክ ጥሪና ሪማይንደር ስለሚያሳልፍ ነው።

መብራት ጠፋ

ልንጨርስ ስንል መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ወዲያው ጠፋ። ጀኔሬተሩ ተነስቶ ላፕቶፑ እንደገና ሲበራ ስላይዱን ከፈተችና ቀጠለች።

ከዚህ በፊት ለጥንቃቄ ቴሌግራሙን ዘግተነው ነበር። በመስኮቱ ጥግ ባለው በኤክሱ (X) አይደለም፤ ኤክሱ ወደ ታች ይደብቀዋል እንጂ አይዘጋውም። ከሰዓቱ ጎን ያለውን ምልክት በቀኝ ተጭነን ኲት ብለን ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ግን ቴሌግራሙም አብሮ ተነሳ። ኮምፒውተሩ ሲበራ እንዲነሳ ተብሎ ተቀምጧል። ማንም ሰው ጀኔሬተር ተነስቶ፣ ሰው እየጠበቀው፣ ስላይድ እየፈለገ፣ «ቴሌግራሜን እንደገና ልዝጋ» ብሎ አያስታውስም። እሷም አላስታወሰችም። እኔም አጠገቧ ቆሜ አላስታወስኩም።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የተለወጠው። እስካሁን እያደረግን የነበረው ቀዳዳ መድፈን ነው። ቴሌግራሙን ስንደፍን አንቲቫይረሱ፣ እሱን ስንደፍን ኤክሴሉ፣ እሱን ስንደፍን መብራቱ። እያንዳንዱ ማብሪያና ማጥፊያ ደግሞ በዕለቱ በጭንቀት ላይ ያለች ሴት ልታስታውሰው የሚገባ ነገር ነው። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ይህን ሁሉ አስታውሺ ማለት አግባብ አልመሰለኝም።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ለገለጻ ብቻ የሚሆን አካውንት

ላፕቶፑ ላይ ሌላ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ከፈትኩላት። ስሙን «ገለጻ» አልነው። ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሰው ጨምር ማለት ነው፤ ኢሜይል ሲጠይቅ የዚህ ሰው መረጃ የለኝም፣ ከዚያ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር ትሉታላችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቴሌግራም በኮምፒውተር ላይ ሲጫን በአብዛኛው የሚቀመጠው በጫነው ሰው ፎልደር ውስጥ ነው፤ አዲሱ አካውንት ላይ የለም። ኢሜይል የለም። ብሮውዘሩ ንጹሕ ነው፤ ማሳወቂያ እንዲልክ የተፈቀደለት ድረ ገጽ የለም። መብራት ሄዶ ቢመጣ፣ ላፕቶፑ ቢጠፋ፣ ተመልሶ የሚነሳ የግል ነገር የለም። ልታስታውስ የሚገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዋናው አካውንት ሳይን አውት ብሎ «ገለጻ»ን መክፈት።

ስላይዶቹን ሁለቱም አካውንት በሚያገኙት ፐብሊክ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥን። ማይክሮሶፍት ኦፊሱ አንዴ የተገዛ ዓይነት ስለነበር በአዲሱም ያለ ጣጣ ተከፈተ።

ከዚያ ስላይዱን ከፈትኩ። አርዕስቶቹ ሁሉ ተበላሽተዋል።

ፊደሎቹ ተለውጠዋል። በአንድ መስመር የነበረው አርዕስት ሁለት መስመር ሆኖ ሠንጠረዡን ወደ ታች ገፍቶታል፤ ዘጠነኛው ስላይድ ላይ የመጨረሻው ወረዳ ከስላይዱ ወጥቷል። ለትንሽ ጊዜ ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ፎንቱ ነው። እሷ አርዕስቶቹን የጻፈችው ከኢንተርኔት ባወረደችው የአማርኛ ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ፎንትን ሁለቴ ተጭናችሁ ኢንስቶል ስትሉት የሚጫነው ለእናንተ አካውንት ብቻ ነው። አዲሱ አካውንት ፎንቱን ሲያጣ በኤብሪማ ተካው፤ ኤብሪማ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣ ፎንት ነው፣ ስፋቱ ግን የተለየ ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ የፎንቱን ፋይል በቀኝ ተጭኖ ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ ማለት። አርዕስቶቹ ተመለሱ።

ይህን በሰፊው የጻፍኩት በላቲን ፊደል የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ስለማይገጥመው ነው። በአማርኛ ስላይድ የምንሠራ ሰዎች ግን አካውንት ስንቀይር፣ ላፕቶፕ ስንቀይር፣ የሰው ማሽን ላይ ስንከፍት ሁልጊዜ ይገጥመናል። ፓወርፖይንት ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚያስቀምጥ ምርጫም አለ፤ ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ጥሩ ነው።

ያልሠራው ወይም ያልመረጥነው

ኤርፕሌን ሞድ። ብዙ ሰው ይህን ነው የሚያደርገው፤ መጥፎም አይደለም። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ቴሌግራምም ኢሜይልም ዝም ይላል፤ የኤችዲኤምአይ ኬብሉ ደግሞ አይነካም። ግን የአንቲቫይረሱን የክፈሉ መልእክትና የባትሪ ማስጠንቀቂያን አያስቆምም። በብሉቱዝ የሚሠራ የስላይድ መቀየሪያ ካላችሁም አብሮ ያጠፋዋል። እሷ ደግሞ በመሃል አንድ ካርታ ከኢንተርኔት ትከፍታለች፤ በዚያች ደቂቃ የታጎረው ሁሉ በአንዴ ይወርዳል። ለዚህ ነው የተውነው።

ፕረዘንቴሽን ሴቲንግስ የሚባለው የቆየ የዊንዶውስ መሣሪያም አለ። አሁን ገለጻ ላይ ነኝ ብለህ ስታበራው ማሳወቂያ ያጠፋል፣ ስክሪን ሴቨሩን ያስቆማል። ለላፕቶፕ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሆም እትም ላይ የለም። የእሷ ሆም ነው።

ማሳወቂያን ከነጭራሹ ለዘለዓለም ማጥፋትንም አሰብነው። እሷ አልፈለገችም። «እህቴ ስትጽፍልኝ ማየት አለብኝ፤ እዚያ ቦታ ላይ አይሁን እንጂ» አለች። ይህ አባባሏ ሥራውን ሁሉ አቃናልኝ። መልእክቱ አልነበረም ጥፋቱ፤ የወጣበት ቦታና ሰዓት እንጂ።

የገለጻው ቀን

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ ደረስን። ጋሼ ኬብሉን ሰኩና ኤክስቴንድ አደረጉ፤ ሜይኑን ግን ላፕቶፑ ላይ ተዉት። ቪዲዮ እንደሌላት አስቀድመው ጠይቀዋት ነበር። እሷ «ገለጻ»ን ከፈተች። ፎከስ አሲስትን በእጅ አላርምስ ኦንሊ ላይ አደረገችው፤ አዲሱ አካውንት ላይ ባያስፈልግም እንኳ ልብ ለማሳረፍ። ስልኳን ድምፁንም ንዝረቱንም አጥፍታ ለኔ ሰጠችኝ። ከሆስፒታል ከተደወለ እኔ ወጥቼ አነሳለሁ፤ የሚያስጠራ ከሆነ በሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ እንዲህ ተባባልን። ስልኩን ሰው እጅ ላይ መተዉ እሷን ከየትኛውም ሴቲንግ በላይ እንዳረጋጋት አየሁ።

አርባ ደቂቃ አቀረበች። ዘጠነኛው ስላይድ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፤ ከዚያ ቀጠለች። ምንም አልወጣም።

አንድ ነገር ወጣ፤ ከእሷ በኋላ። ቀጣዩ አቅራቢ የእሷን ላፕቶፕ ተውሶ ፍላሹን ሲሰካ አንቲቫይረሱ ቫይረስ አገኘሁ ብሎ ግድግዳው ላይ አሳየ። ሰውዬው ትንሽ ተሳቀቀ፤ ፋይሉ ግን ተጠርጎ ሥራው ቀጠለ። ያንን ማስጠንቀቂያ አለማጥፋቴ አልጸጸተኝም። ወደፊት ግን ላፕቶፗን ለሌላ አቅራቢ ከማዋሷ በፊት ፍላሹ በሌላ ማሽን ቢታይ ይሻላል ብያታለሁ።

ለሌሎች የሚሆን ትምህርት

ማሳወቂያ ሲያስቸግራችሁ መጀመሪያ ሳጥኑን ማን እንደሳለው እዩ። ዊንዶውስ ከሆነ ፎከስ አሲስት ይበቃል። ፕሮግራሙ ራሱ ከሆነ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብታችሁ ነው የምታስቆሙት። ይህን ሳይለዩ ሴቲንግ መነካካት ሰዓት ማቃጠል ነው፤ እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ።

ዊንዶውስ 11 ላይ ስሙ ዱ ኖት ዲስተርብ ሆኗል፤ የዱፕሊኬቱና የፉል ስክሪኑ ደንብ እዚያም አሉ። ማክ ያላችሁ ከ2021 ወዲህ ፎከስ የሚባል አላችሁ፤ ኖቲፊኬሽንስ ገጽ ላይ ደግሞ ስክሪኑ ለሌላ ሲጋራ ማሳወቂያ ይፈቀድ ወይ የሚል ማብሪያ አለ። ጠፍቶ መሆኑን አረጋግጡ።

በራሱ ይበራል በሚባል ደንብ ላይ አትተኙ። ደንቡ የሚነሳበት ሁኔታ የእናንተ ሁኔታ ላይሆን ይችላል። በእጅ ማብራት ሦስት ሰከንድ ነው።

የትኛው ስክሪን ሜይን እንደሆነ በየአዳራሹ፣ በየፕሮጀክተሩ እዩ። ኬብሉን የሚሰካው ሌላ ሰው ከሆነ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት፤ የሚያደርገው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ካወቃችሁ ተስማምታችሁ መለወጥ ትችላላችሁ። ጋሼ ላይ ብንቆጣ ኖሮ ቪዲዮ ያለው ሰው ነገ ይቸገር ነበር።

ሙከራችሁ ውስጥ መብራት ማጥፋትን ጨምሩ። እውነቴን ነው። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩትና ምን አብሮ እንደሚነሳ ተመልከቱ።

በዓመት ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ የምታቀርቡ ከሆነ የተለየ አካውንት ክፈቱ። ፎንታችሁን ለሁሉም ተጠቃሚ ጫኑ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለቤተሰብም ንገሩ። ገለጻ ያለኝ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ነው ብሎ መናገር ሴቲንግ አይጠይቅም። እህቷ ያን ዕለት ስብሰባ ላይ መሆኗን አታውቅም ነበር።

አሁን ያለበት ሁኔታ

«ገለጻ» አካውንቱ እስካሁን አለ። ሁለት ባልደረቦቿም እኔ ጋ መጥተው ተመሳሳይ አስከፍተዋል። ዋናው አካውንቷ ላይ ቴሌግራሙ እንደ ድሮው ያሳውቃል፤ የመልእክቱ ጽሑፍ ግን አይታይም፣ ስም ብቻ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተሩ ካለበት ጠረጴዛ ላይ ጋሼ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። «ቪዲዮ አለዎት? ከሌለዎት ሜይኑ ላፕቶፑ ይሁን። ቴሌግራም ተዘግቷል?» ይላል። ከሥሩ ሌላ እጅ በቢክ «በኤክሱ ሳይሆን በኲት» ብሎ ጨምሮበታል። የእሷ ጽሑፍ ነው፤ አውቀዋለሁ።

እናቷ ሕክምናቸውን እየተከታተሉ ነው። ባለፈው ሳምንት ከልጃቸው ጋር ሱቄ ድረስ መጥተው ነበር፤ ቡና አፍልተን ጠጣን።